ፍሬዛውን ማን ፈጠረው?

ባለፈው ወር ከመካከላችን የአንዷ አባት መኪና የፊት እግሯ መንኳኳት ጀመረ። ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ይሄ ዕቃ ከገበያ ጠፍቷል፤ ማስቀረጽ ነው" አለን። አንዲት የጡጫ ያህል ብረት በፌስታል ይዘን ሶማሌ ተራ አካባቢ ወዳለ አንድ ቶርኖ ቤት ሄድን።

ቶርኖ ቤቱ ከሁለት የጀበና ቡና ቤቶች መሀል የተሸጎጠ ነው። ውስጡ ጨለም ያለ፣ ወለሉ በብረት ፍቅፋቂ የተሸፈነ። ጥግ ላይ ቀለሟ የረገፈ፣ አንገቷን የደፋች የምትመስል አንዲት ፍሬዛ ቆማለች። ሽማግሌው ባለሙያ ብረታችንን አገላብጠው አዩና ወደ እሷ ሄዱ።

"ጋሼ፣ ማሽኗ አላረጀችም?" አልናቸው።

"ትበልጠኛለች" አሉ። "ልጄ ለቁራሌው እንሽጣት ይላል። በኪሎ!"

ብረቷ እስክታልቅ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ አንድ ጥያቄ መጣብን። ለመሆኑ ይህን ማሽን ማን ፈጠረው? ጋሼን ጠየቅናቸው። ሳቁ። "እሱንማ እናንተ የተማራችሁት ንገሩኝ እንጂ!"

አፈርን። ቤት ገብተን ማንበብ ጀመርን። ያገኘነው ታሪክ ስለ ብረት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የእኛን የጋዜጠኞቹንም ጉድ ነካካው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን ስሙ

ቶርኖ፣ ፍሬዛ፣ ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ፍሬን፣ ዳዶ፣ ብሎን። እነዚህን ቃላት ስንሰማ አማርኛ ይመስሉናል። ሁሉም ግን ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ጣልያን ጥሎት የሄደው ነገር መንገድና ፓስታ ብቻ አይደለም፤ የጋራዡን መዝገበ ቃላትም ትቶልን ሄዷል።

የቶርኖና የፍሬዛ ልዩነት እንዲህ ነው። በቶርኖ ላይ የሚሠራው ዕቃ ይዞራል፣ ቢላው ቆሞ ይልጠዋል። ስለዚህ ከቶርኖ የሚወጣው ክብ ነገር ነው። በፍሬዛ ላይ ግን የሚዞረው ባለ ብዙ ጥርሱ ቢላ ነው፤ ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ታስሮ ወደ ቢላው ይነዳል። ጠፍጣፋ ፊት፣ ቦይ፣ ጥርስ፣ ማዕዘን፣ ይህ ሁሉ የፍሬዛ ሥራ ነው። ፍሬዛ ከመምጣቱ በፊት ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው ነበር፤ በሞረድ፣ በመዶሻና በመሮ፣ ቀኑን ሙሉ።

የመማሪያ መጽሐፉ ሰውዬ

አሜሪካውያን ለረጅም ጊዜ "ፍሬዛን ማን ፈጠረ?" ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነበር፤ ኢላይ ዊትኒ፣ በ1818። ዊትኒ በጥጥ መፈልፈያ ማሽኑ የታወቀ ሰው ነው። በ1798 ደግሞ ለአሜሪካ መንግሥት 10,000 ጠመንጃዎች በሁለት ዓመት ሠርቶ ሊያስረክብ ተዋዋለ። አስረክቦ የጨረሰው በ1809 ነው። (የኮንትራክተር ነገር ያኔም ያው ነበር ማለት ነው።) እንዲያም ሆኖ የአንዱ ጠመንጃ ዕቃ በሌላው ላይ የሚገጥምበትን አሠራር የጀመረ፣ ለዚያም ፍሬዛን የፈጠረ እሱ ነው ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ ተቀዳ፤ ከዚያም ተገለበጠ።

በ1960 ሮበርት ውድበሪ የተባለ የታሪክ ምሁር "ይህ አፈ ታሪክ ነው" ብሎ ጻፈ። ከዚያ ኤድዊን ባቲሰን የሚባል፣ ማሽን ማንበብ የሚችል ሰው መጣ። ባቲሰን ወረቀቱን ትቶ ብረቱን አየ። የዊትኒን ጠመንጃዎች ፈታታቸው፤ የአንዱ ዕቃ ሌላው ላይ አልገጥም አለ። የዊትኒ ነው ተብሎ የተቀመጠውን ፍሬዛም መረመረና በ1966 ድምዳሜውን አሳተመ፤ ማሽኑ ዊትኒ በ1825 ከሞተ በኋላ የተሠራ ነው የሚል።

ታዲያ ማን ነው የፈጠረው? መልሱ አንድ ስም አይደለም። በኮኔቲከት ሽጉጥ ይሠራ የነበረው ሲሚዮን ኖርዝ አለ፤ በ1813 የፈረመው ውል ዕቃዎቹ እርስ በርስ እንዲገጥሙ በግልጽ ያስገድደው ነበር። በሃርፐርስ ፌሪ የመንግሥት ፋብሪካ ውስጥ የነበረው ጆን ሆል አለ፤ በ1820ዎቹ የሚገጣጠም ጠመንጃ በተግባር አሳይቷል። ከእነሱ ጀርባ ደግሞ ስማቸው የትም ያልተጻፈ ቀጥቃጮችና ሞራጆች አሉ። አንዱ የሌላውን ማሽን እያየ፣ እያሻሻለ፣ ሥራ ሲቀይርም እውቀቱን ይዞ እየሄደ የተፈጠረ ነገር ነው።

እኛ ዘንድም ታሪኩ ሩቅ አይደለም። ባለእጅን "ቀጥቃጭ"፣ "ቡዳ" እያለ ሲያንቋሽሽ በኖረ አገር ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ልዩነቱ እዚያ ባለእጁን ረሱት፣ እዚህ ሰደቡት።

ከአይጥ ጅራት ሞረድ ወደ 1862

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1861 ሲጀመር ጠመንጃ በብዛት ተፈለገ። በሮድ አይላንድ፣ ፕሮቪደንስ ከተማ ጠመንጃ ይሠራ በነበረ ፋብሪካ ውስጥ ፍሬድሪክ ሃው የሚባል ሰው ተቸገረ። ችግሩ ትንሽ ነበር፤ ፑንታ። በፑንታው ዙሪያ እንደ ሐረግ የሚጠመዘዘውን ቦይ ሠራተኞች የሚያወጡት የአይጥ ጅራት በመሰለ ቀጭን ሞረድ፣ በእጃቸው ነበር። ሃው ችግሩን ለጎረቤቱ ለጆሴፍ ብራውን ነገረው። ብራውን ጠረጴዛው ወደፊት ሲሄድ ዕቃውን አብሮ የሚያዞር ማሽን ሠራ፤ የመጀመሪያው በ1862 ተሸጠ። ሁለገብ ፍሬዛ የሚባለው እሱ ነው። ለፑንታ ተብሎ የተሠራው ማሽን ጥርስ ያለውን ነገር ሁሉ መቅረጽ ቻለ።

ሃው ራሱ ሙያውን ያዳበረው ቨርሞንት ውስጥ ዊንድዘር በምትባል ከተማ፣ በ1846 በተሠራ የጡብ ፋብሪካ ነበር። ያ ሕንፃ ዛሬም አለ። የማሽኖች ሙዚየም ሆኗል። ሙዚየሙን በ1966 የመሠረተው ማን ይመስላችኋል? ያው ባቲሰን!

የስዊድኖቹ ማሽን

ጋሼ ቤት ያየናት ዓይነት ቀጥ ብላ የቆመች፣ ጭንቅላቷ የሚዞር ፍሬዛ ግን ሌላ አባት አላት። ሩዶልፍ ባኖው ከስዊድን አሜሪካ የገባ ሞዴል ሠሪ ነበር፤ ከአገሩ ልጅ ከማግነስ ዋልስትረም ጋር በብሪጅፖርት ከተማ አነስተኛ ድርጅት ነበራቸው። በ1936 ባኖው የማሽኑን ንድፍ በቡናማ የወረቀት ከረጢት ላይ ሣለው ይባላል። በ1938 የመጀመሪያው ማሽን ወጣ። አንገቱ ይዞራል፣ ጭንቅላቱ ይጋደላል፣ ክንዱ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል። ዕቃውን ሳይፈቱ ከላይ መብሳት፣ ከጎን መላግ፣ በሰያፍ መቁረጥ ተቻለ። በመቶ ሺዎች ተመረተ፤ ከዚያ በየአገሩ ተቀዳ። "ብሪጅፖርት" የሚለው የከተማ ስም ራሱ የማሽን ስም ሆነ።

ኋላ ላይ በኮምፒውተር የሚታዘዙ ማሽኖች መጡ፤ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ፋብሪካም ተዘጋ። አንድ ቶን ገደማ የሚመዝኑት አሮጌ ፍሬዛዎች በርካሽ ተሸጡ። ግማሾቹ ወደ ማቅለጫ ሄዱ። ግማሾቹ ደግሞ በጡረተኛ መካኒኮችና በትርፍ ጊዜ ባለሙያዎች የቤት ጋራዥ ውስጥ ገቡ።

ቤት ያላት መኪና

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ወደ መኪና እግር የሚመለሰው። ጄኔራል ሞተርስ ከ1973 እስከ 1978 ጂ.ኤም.ሲ. ሞተር ሆም የምትባል፣ አልጋና ማድ ቤት ያላት መኪና ይሠራ ነበር። ሞተሯ የሚጎትተው የፊት ጎማዎቿን ነው። ከኋላ ግራና ቀኝ የሚያያዝ አክሰል ስለሌላት ወለሏ ከመሬት ብዙም አይርቅም። ከኋላ በየጎኗ ሁለት ሁለት ጎማ፣ አንዱ ወደፊት አንዱ ወደኋላ በተዘረጋ ክንድ ላይ ተሰክቷል። በሁለቱ ክንዶች መሀል አንድ የአየር ከረጢት ተጋድሟል። ባሌስትራ የለም። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ጭነቱ በከረጢቱ በኩል ለሌላው ይካፈላል።

ሐሳቡ የሚያስቀና ነው። ነገር ግን በ1973 የነዳጅ ቀውስ መጣ፤ መኪናዋም ውድ ነበረች፤ 13,000 ገደማ ከተሠራች በኋላ ምርቷ ቆመ። ሠሪዋ ሲተዋት መንገድ ላይ የቀሩት ሺዎች ምን ይሁኑ?

ባለቤቶቹ ራሳቸው ሠሩ። የሚያውቁት ችግር ነበር። ከረጢቱ አንድ ስለሆነ ከፈነዳ በዚያ ጎን ያሉት ሁለቱም ጎማዎች ድጋፍ ያጣሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጎማ የራሱን ከረጢት የሚይዝ ቅንፍ ቀረጹ። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ጉልበቱ በክንዱ በኩል ስለሚያልፍ ከሁለቱ ጎማ አንዱ ይጫናል፣ ሌላው ይቀላል፤ ፍሬኑን በተለየ ዘንግ ከሻንሲው ጋር እያሰሩ ያንን አስተካከሉ። የፊቱን እግርም ከጭነት መኪና በተወሰደ ጠንካራ ዕቃ ቀየሩት። ይህ ሁሉ የተቀረጸው በአብዛኛው በአነስተኛ ወርክሾፕና በቤት ጋራዥ ነው። ፋብሪካ የጣለውን መኪና ፋብሪካ በጣለው ፍሬዛ አዳኑት!

ቀጥ ያለ ነገር ከየት ይመጣል?

ግን አሮጌ ፍሬዛ እንዲህ ያለ ሥራ እንዲሠራ መጀመሪያ እሱ ራሱ መዳን አለበት። በሽታው የታወቀ ነው። ሥራ ሁሉ የሚሠራው ጠረጴዛው መሀል ላይ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ መሀሉ ይበላል፣ ጫፍና ጫፉ እንደ አዲስ ይቀራል። መሀሉን ብታጠብቁት ጫፉ ላይ ይነክሳል፤ ጫፉን ብታላሉት መሀሉ ላይ ይንቀጠቀጣል። የዘይት ቱቦዎቹ በፍቅፋቂና በረጋ ዘይት ይደፈናሉ።

አዳኙ ማሽኑን እስከ መጨረሻው ብሎን ይፈታል፣ ያጥባል። ከዚያ የእጅ ሥራ ይመጣል። ልክነቱ በተረጋገጠ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ስስ ሰማያዊ ቀለም ይቀባና የተበላውን ፊት ያሻሸዋል። ሰማያዊ የነካው ቦታ ከፍ ያለ ነው ማለት ነው። እሱን ብቻ በስል ብረት ይፍቃል። እንደገና ያሻሻል፣ እንደገና ይፍቃል። ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

ያ ጠፍጣፋ ብረትስ ልክ መሆኑ በምን ታወቀ? እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትወርዝ ይህን በ1840 አስረድቷል። ሁለት ብረት እያሻሹ ብታስተካክሉ አንዱ ጎድጉዶ ሌላው አብጦ ሊገጥሙ ይችላሉ፤ ሁለት ሰው ተስማምቶ እንደሚዋሸው። ሦስት ብረት ወስዳችሁ አንደኛውን ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው፣ ሦስተኛውን ከአንደኛው እያፈራረቃችሁ ብታስተካክሉ ግን ሦስቱም የሚገጥሙት ሦስቱም ቀጥ ካሉ ብቻ ነው።

ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት "አንድ ምንጭ አይበቃም" ተብለን ተምረናል። ለምን እንደማይበቃ እንዲህ አድርጎ ያስረዳን ግን አልነበረም። የዊትኒን ታሪክ አንዱ መጽሐፍ ከሌላው እየቀዳ ስንት ዓመት "ገጠመ"። ልክ አለመሆኑ የታወቀው ሦስተኛው ብረት፣ ማሽኑ ራሱ ሲመጣ ነው። ማሽኑ በኪሎ ተሸጦ ቀልጦ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ዊትኒ እንላለን።

ተመልሰን ሄድን

ይህን ጽፈን ልንጨርስ ስንል አንድ ነገር ገባን። የጋሼን ፍሬዛ በሞባይል ከአራት አቅጣጫ አንስተናታል። የጋሼን ስም ግን አልጠየቅንም! የኢላይ ዊትኒን መጽሐፍ ጸሐፊዎች ልናማ ተቀምጠን ያደረግነው ያንኑ ነው።

ቅዳሜ ተመልሰን ሄድን። ጋሼ ስማቸውን ነገሩን፤ ግን "እሱን አትጻፉት፣ ግብር ሰብሳቢው ሊያነበው ይችላል" አሉን። ቃላችንን ጠበቅን። ከማን እንደተማሩ ስንጠይቃቸው ግን ሥራቸውን አቁመው ቁጭ አሉ። የመምህራቸውን ስም፣ የመምህራቸውን መምህር፣ ማን የትኛውን ዕቃ መጀመሪያ እንደቀረጸ አንድ በአንድ ዘረዘሩ። ልጃቸው በር ላይ ቆሞ ይሰማል። "አባዬ፣ ይሄን እኮ ለእኔ ነግረኸኝ አታውቅም" አለ።

"ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?" አሉት።

ደብተራችን ሞልቷል። ፍሬዛዋ እስካሁን ጥግዋ ላይ ናት። የአባትየው መኪናም መንኳኳት አቁማለች።