በምግብ ቤት ሥራ ላይ የሚደርስ ቃጠሎ፦ በአውስትራሊያ ለሚማሩ ተማሪዎች

በአውስትራሊያ እየተማሩ በትርፍ ሰዓትዎ ምግብ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ከሆነ፣ የጋለ ዘይት፣ የፈላ ውሃ ወይም እንፋሎት ሊያቃጥልዎት ይችላል። አንዳንድ ተማሪዎች «ቪዛዬ ይሰረዛል» ወይም «ከሥራ እባረራለሁ» ብለው በመፍራት ጉዳቱን ይደብቃሉ። ሳይታከም የቆየ ቃጠሎ ግን ሊያመረቅዝ፣ ጠባሳ ሊተው ወይም የጣቶችን እንቅስቃሴ ሊቀንስ ይችላል።

ወዲያውኑ ምን ማድረግ አለብዎት?

• የተቃጠለውን ቦታ በሚፈስ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሥር ለ20 ደቂቃ ያቆዩ። ሥራ ቢበዛም ከ20 ደቂቃው አያሳጥሩ። ቢዘገዩ እንኳ፣ ቃጠሎው ከደረሰ በኋላ ባሉት 3 ሰዓታት ውስጥ ማቀዝቀዙ ይጠቅማል።
• ቦታው ከማበጡ በፊት ቀለበት፣ የእጅ ሰዓትና ልብስ ያውልቁ። ከቆዳ ጋር የተጣበቀውን ግን አይንኩ።
• በረዶ አያድርጉበት። ቅቤ፣ እንቁላል ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀቡ። ውሃ የቋጠረውን አያፍርጡ።
• ካቀዘቀዙት በኋላ በንጹሕ የምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ ሳያጠብቁ ይሸፍኑት። ፊት ላይ ግን ፕላስቲክ አይጠቀሙ።

ሐኪም ማየት ያለብዎት መቼ ነው?

ቃጠሎው ከ20 ሳንቲም ሳንቲም ከበለጠ፣ ውሃ ከቋጠረ፣ ጥልቅ ከሆነ፣ ወይም በፊት፣ በእጅ፣ በእግር፣ በመገጣጠሚያ ወይም በብልት ላይ ከደረሰ ይታከሙ። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ ወይም መተንፈስ ካስቸገረዎት ወደ 000 ደውለው አምቡላንስ ይጥሩ። አስተርጓሚ ከፈለጉ የአገሪቱ የትርጉም አገልግሎት ስልክ 131 450 ነው።

ለአሠሪዎ ያሳውቁ

በተማሪ ቪዛ የሚሠራ ሰው በሥራ ቦታ ደኅንነቱ የመጠበቅ መብት አለው። በሥራ ላይ መጎዳትን ማሳወቅ በራሱ ቪዛ አያሰርዝም። የሚከተሉትን ያድርጉ፦

• ጉዳቱ የደረሰበትን ቀን፣ ሰዓትና ሁኔታ በጽሑፍ ለአሠሪዎ ይስጡ፤ ቅጂውን ያስቀሩ። በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ጉዳቱን በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ያስፈልጋል።
• ቁስሉን ፎቶ ያንሱ።
• ለሐኪሙ «በሥራ ላይ ነው የተጎዳሁት» ብለው ይንገሩ። የሠራተኞች የጉዳት ካሳ የሕክምና ወጪንና ከሥራ የቀሩበትን ደመወዝ ሊሸፍን ይችላል።

እንዴት ይከላከላሉ?

ዘይት መጥበሻውን ከመንካትዎ በፊት ሥልጠና ይጠይቁ። የሙቀት መከላከያ ጓንት፣ ሽርጥና የማያንሸራትት ዝግ ጫማ ያድርጉ። የጋለ ዘይት አያጓጉዙ፤ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ።

ለቤተሰብ

ልጅዎ ከሩቅ ደውሎ «ትንሽ ተቃጠልኩ» ካለዎት፣ የቤት ውስጥ መድኃኒት ከመንገርዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በውሃ አቀዘቀዝከው ወይ? ሐኪም አየህ ወይ? ለአሠሪህ አሳወቅህ ወይ?