ችሎታ እስኪገኝ ድረስ

በሐረር ጀጎል ሰሜን ካለው፣ ሐረሪዎች በቋንቋቸው አሱም በሪ ከሚሉት ከፈላና በር ጠዋት ጠዋት ደብተር ይዘው የሚወጡ ሕፃናትን ባየሁ ቍጥር አንድ አሮጌ አንቀጽ ትዝ ይለኛል።

ይኸውም በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ውስጥ የሚገኘው ነው። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ ችሎታ እስኪያገኝ ድረስ፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን መኳንንትና የአገር ሹማምንት እንዲመርጡ ያዛል። ችሎታው በምን ትምህርት እንደሚገኝ ግን አንቀጹ አልገለጠም።

በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 21 ዓመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ፣ ሴት ወንድ ሳይል፣ የመምረጥን መብት ሰጠ። በ1950 በተደረገው በመጀመሪያው ምርጫም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ምክር ቤት ገቡ። ሆኖም ለመመረጥ የሚቀርበው ሰው ንብረት እንዲኖረው ግዴታ ነበር። በ1967 የከተማ ቤቶች አዋጅ ቀበሌን ባቋቋመ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ትርፍ ቤት የነበራቸው ሰዎች ለጊዜው ከምርጫ ተከለከሉ። ትናንት ንብረት ያስመርጥ ነበር፤ ዛሬ ያስከለክል ጀመር።

በ1987 በጸደቀው ሕገ መንግሥት የመምረጫው ዕድሜ 18 ሆነ። በሐረሪ ክልል ያለው ምክር ቤት ደግሞ ሁለት ጉባኤ አለው። 14 አባሎች ያሉትን አንደኛውን የሚመርጡት ሐረሪዎች ብቻ ናቸው፤ 22 አባሎች ያሉትን ሁለተኛውን የክልሉ ነዋሪዎች በጠቅላላ ይመርጣሉ። ይህም በገዛ ከተማው በቍጥር ያነሰው ሕዝብ ድምፁ እንዳይዋጥ የታሰበ ነው። ነገር ግን በአንድ ወንበር አብረው የሚቀመጡ ሁለት ልጆች፣ ያንዱ ወላጅ ለሁለቱም፣ የሌላው ላንዱ ብቻ ድምፅ የሚሰጡበትን ምክንያት ቢጠይቁ፣ መምህሩ «ሕጉ ነው» ብሎ ሊያልፈው አይገባውም ባይ ነኝ። ታሪኩን ቢነግራቸው ይረዱታል፤ ቢከራከሩበትም ደግ ነው።

እኛ ተማሪ ሳለን የክፍል አለቃ የሚሾመው በመምህር ጣት ነበር፤ ልክ እንደ 1923ቱ። አንድ ዓመት ግን አንድ መምህር እጅ አውጥተን እንድንመርጥ ፈቀዱልን። እኛም የረባሾችን ስም እንደማይጽፍ ቃል የገባልንን ልጅ በሙሉ ድምፅ መረጥን። በሳምንቱ ክፍሉ ገበያ ሆነና ትምህርቱን መስማት አቃተን፤ ሌላ ምርጫ ይደረግልን ብለንም ጠየቅን። መምህሩ ፈገግ ብለው፣ የመረጣችሁት እስከ መንፈቀ ዓመቱ ፈተና ነው አሉና ጠመኔያቸውን አንሥተው ወደ ሰሌዳው ዞሩ።