ጓሮ የሌለው የጓሮ አትክልት

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ስለሚኖረው ኢትዮጵያዊ ስደተኛ እስከ ዛሬ የተጻፈው ታሪክ በአመዛኙ የስብሰባ ታሪክ ነው። ማን ከየትኛው ድርጅት እንደ ተገነጠለ፣ የትኛው መግለጫ በየትኛው አዳራሽ እንደ ተነበበ፣ የትኛው ሰልፍ በማን በር ፊት እንደ ቆመ ተጽፏል፤ መጻፉም ተገቢ ነው። እኔ ግን ለዚህ መድበል የመረጥሁት ሌላ ስፍራ ነው፤ ይኸውም በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ባሉት ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶች ውስጥ ያለው የወጥ ቤት መስኮት ደፍ ነው። በዚያ ደፍ ላይ በጥር ወር፣ ከመስተዋቱ ማዶ በረዶ ተቆልሎ ሳለ፣ ጤና አዳሙ፣ በሶብላው፣ ኮሰረቱና ጎመኑ በጣሳና በባልዲ ተደርድረው ይገኛሉ። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ወጥ ቤት የመግባት ልማድ ስለሌላቸው ነገሩ እንደ ተርታ ነገር ታልፏል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«የጓሮ አትክልት» የሚለው አነጋገራችን ራሱ ቤትን፣ ከቤትም በስተጀርባ መሬትን አስቀድሞ ይጠይቃል። ጓሮ አመድና ፍግ የሚደፋባት፣ የእጣቢ ውኃ የሚፈስስባት፣ ስለዚህም ከእርሻው ሁሉ ይልቅ የሰባች ቁራሽ መሬት ናት። የቤቷ እመቤት ድስቷን ጥዳ ወጣ ትልና ቀንጥሳ ትመለስባታለች። መሬት በጠበበበት በአዲስ አበባም ቢሆን የዘይት ቆርቆሮ ወይም የዱቄት ወተት ጣሳ ታችውን በምስማር በስቶ፣ አፈር ሞልቶ፣ ደጅ ላይ ጤና አዳም መትከል የኖረ ልማድ ነው። በዕቃ ውስጥ መትከልን እንግዲህ ከአሜሪካ አልተማርነውም። ከአሜሪካ የተማርነው ክረምትን ነው።

እዚህ ላይ ቃሉ ራሱ ያስቸግራል። በአገራችን ክረምት ማለት ዝናብ ነው፣ ልምላሜ ነው፤ እህል ያለቀበት፣ አዲሱም ያልደረሰበት፣ ደኻው በጎመን የሚሻገርበት ወራት ነው። በመስከረም «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚባለውም ለዚሁ ነው። የፈረንጁን የብርድና የውርጭ ወራት በዚሁ ስም ስንጠራው ሁሉ ነገር ተገለበጠ። በሲልቨር ስፕሪንግ የጎመኑ ምንቸት የሚገባው በዚያው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ውርጭ በአብዛኛው በጥቅምት አጋማሽ ወይም ጥቂት ዘግይቶ ይወድቃል፤ በሶብላ አንዲት የውርጭ ሌሊት ካገኘችው በማግስቱ ጠቁሮ ይገኛል። ስለዚህ በአገር ቤት ምንቸቱን በምናስወጣበት ሰሞን፣ እዚህ ባልዲውን ተሸክመን ደረጃ እንወጣለን።

ባልዲ ለምን ሆነ? መልሱ ግማሹ የኪራይ ቤት ኑሮ ነው፤ ግማሹ ግን ፖለቲካ ነው ብዬ አምናለሁ። ደርግ በ1975 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ቀይ ሽብር መጣ። ከዚያ ያመለጠው ወጣት በሱዳንና በጅቡቲ በኩል ዞሮ፣ ፕሬዚዳንት ካርተር በመጋቢት 1980 የፈረሙት የስደተኞች ሕግ በሩን ከከፈተለት በኋላ በብዛት ወደዚህ አገር ገባ። ይህ ትውልድ ሊቀመጥ አልመጣም። «የሚመጣው ዓመት» እያለ አልጋ ለመግዛት ያመነታ የነበረ ትውልድ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በመሬት ላይ አይተክልም፤ መሬት ቢያገኝ እንኳ አይተክልም። የሚተክለው ሊሸከመው በሚችለው ዕቃ ነው። በየስብሰባው «ትግሉ ረጅም ነው» ይል የነበረው ሰው፣ ቤቱ ሲገባ ሦስትና አራት ዓመት የሚጠይቀውን ጌሾ ትቶ በሁለት ወር የሚቀነጠሰውን ጎመን ይዘራ ነበር። መግለጫው ከሚነግረን ይልቅ ባልዲው እውነቱን ነግሮናል።

ስለ ጎመን ካነሣን ዘንድ መከፈል ያለበት ዕዳ አለ። በ1978 በጆርጂያ አቬኑ ላይ «ማማ ደስታ» በወይዘሮ ደስታ ባይሩ ስም ተከፍቶ የዋሽንግተን ሰው እንጀራን ሲቀምስ፣ በዚህ ከተማ የኢትዮጵያ ጎመን የሚሸጥ ሱቅ አልነበረም። ጤፍም ብርቅ ነበር፤ በአይዳሆ መዘራት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በየትሪያችን ላይ የቀረበው፣ ዛሬም በአብዛኛው ምግብ ቤት «የሐበሻ ጎመን» ተብሎ የሚቀርበው፣ ኮላርድ የሚባለው ቅጠል ነው። ኮላርድ በዋሽንግተን ሱቅ ሁሉ እንዲገኝ ያደረጉት ከደቡብ ክፍለ አገሮች የተሰደዱት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ከተማዪቱ በ1957 አብላጫው ነዋሪዋ ጥቁር ሆኖ ነበርና ነጋዴው የእነርሱን ድስት አይቶ ይጭን ነበር። እኛ ተዘጋጅቶ የቆየ ገበያ ላይ ደረስን። ባለውለታችንን ግን ሲመሰገን ሰምቼ አላውቅም።

ኮላርድና የሐበሻ ጎመን ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። የእኛው ጎመን ከጥቁር ሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን መዳቀል በተፈጥሮ የተገኘ ዘር ሲሆን፣ ቅጠሉ የሳሳ፣ ጣዕሙ ሰናፍጭነት ያለው ነው። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ራስ ተፈሪን አነጋግሮ፣ በበቅሎ እየዞረ በሺህ የሚቆጠር የዘር ናሙና ከሰበሰበ በኋላ አገራችንን ከዓለም የሰብል መፍለቂያዎች መካከል ቆጥሯታል። እርሱ ራሱ በ1943 በስታሊን እስር ቤት በሳራቶቭ ሞተ። በአዲስ አበባ የዘር ባንክ የተቋቋመው በ1976 ነው፤ በኋላም በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት የገበሬውን ዘር በገበሬው እጅ ለማቆየት ለተሠራው ሥራ የ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጠ። ልብ በሉ፤ መንግሥት የዘር ባንክ ባቋቋመበት ሰሞን ነው የሰው ዘር ከአገር መውጣት የጀመረው።

ጎመን ዘር ወደ አሜሪካ የገባው ግን በሳይንቲስት ሻንጣ አልነበረም። የገባው ምጣድ ማሰሻ ሆኖ ነው። እናቶቻችን እንጀራው እንዳይዝ ምጣዱን የሚያስሱበት ዘር በቅመም ቋጠሮ መካከል መጣ፤ አንዳንዷም ሳትፈጨው ጥቂቱን አፈር ላይ በተነችው፣ በቀለ። አሁን ያለ ጤና ምስክር ወረቀት ዘር፣ ያለ ልዩ ፈቃድም አፈር ማስገባት ክልክል መሆኑን መንገደኛ ሁሉ ያውቃል። የዚያን ጊዜው መንገደኛ ግን ዘር መያዙን እንኳ አላሰበውም።

ከበቀለ በኋላ ያለው ችግር ብርድ ይመስለን ነበር። ብርድ አይደለም፤ በእነዚህ ሕንጻዎች ማሞቂያው እንዲያውም ከልክ በላይ ይሞቃል። ችግሩ ብርሃን ነው። በአዲስ አበባ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ባለው መካከል ይመላለሳል፤ በዋሽንግተን ግን በሰኔ ወደ 15 ሰዓት ደርሶ በታኅሣሥ ወደ 9 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ይህ ልዩነት ለተክል ምን ማለት እንደ ሆነ ለዓለም የተገለጠው ከዚህ ከሰፈራችን መሆኑን ሳነብ እጅግ ተገርሜ ነበር። ዛሬ ፔንታጎን ካለበት አጠገብ፣ በአርሊንግተን መካነ መቃብርና በፖቶማክ ወንዝ መካከል፣ የእርሻ ሚኒስቴር የሙከራ ጣቢያ ነበረ። በዚያ ዋይትማን ጋርነርና ሃሪ አላርድ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች «ሜሪላንድ ማሞዝ» የተባለ የትምባሆ ዓይነት አስቸገራቸው። በበጋው ማሳ ላይ ከሰው ቁመት አልፎ ያድጋል እንጂ አያብብም፤ በክረምት በመስተዋት ቤት ውስጥ፣ በትንሽ ማሰሮ ተተክሎ፣ ገና ድንክ ሳለ ያብባል። ሙቀቱን ጠረጠሩ፣ አፈሩን ጠረጠሩ። በመጨረሻ በሐምሌ 1918 የጨለማ ጎጆ ሠርተው፣ ማሰሮዎቹን በየቀኑ ከቀኑ በ10 ሰዓት ወደ ጨለማው እያስገቡ፣ በማግስቱ ጠዋት በ3 ሰዓት እያወጡ ተክሉን አታለሉት፤ በበጋው መካከል አበበ። ተክል የሌሊቱንና የቀኑን ርዝመት እንደሚለካ በ1920 አሳተሙ። ጣቢያው በ1941 ለጦር ሚኒስቴር ሲሰጥ ሥራው ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ወደማይርቀው ወደ ቤልትስቪል ዞረ፤ ተክሉ ብርሃንን የሚያይበት ንጥረ ነገር፣ ፋይቶክሮም የሚባለው፣ በ1959 የተገኘው በዚያ ነው።

የሳይንቲስቶቹ ሥራ ማሰሮ ማስገባትና ማውጣት እንደ ነበር ለአንዲት ጎረቤቴ ነገርኋት። በሲልቨር ስፕሪንግ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረች፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እማማ የሚላት እናት ናት። «ታዲያ ልጄ፣ ይህን ለማወቅ ያን ያህል ትምህርት ምን አስፈለገው? እኔን አይጠይቁኝም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጎመኗ ብርሃን ፍለጋ አንገቱን እያሰገገ፣ እየቀጠነ፣ በኋላ ይወድቅ ነበር። የሰው ቢሮ ሌሊት ስታጸዳ ከጣሪያው የተንጠለጠለው ረጅም የፍሎረሰንት አምፖል ሥር የተቀመጠ ቅጠል በታኅሣሥም እንደ ለመለመ አየች። ያንኑ ዓይነት አምፖል ገዝታ ከባልዲው በላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋ ሰቀለችው፤ ማታ ወደ ሥራ ስትወጣ ታበራዋለች፣ ጠዋት ስትመለስ ታጠፋዋለች። ባልዲዎቹ የዱቄትና የዘይት ባልዲዎች ናቸው፤ ከምግብ ቤት የለመነቻቸው። ታችውን ትበሳዋለች፣ ጠጠር ታነጥፍበታለች፤ ጎመን ቀዝቃዛ ይወዳልና ከማሞቂያው አርቃ መስተዋቱን አስጠግታ ታኖረዋለች፤ በሶብላውን ግን ብርድ እንዳይነካው ወደ ውስጥ ታስገባዋለች። ክሽክሽ ሲወጣበት ቅጠሉን በሳሙና ውኃ ታጥበዋለች። በየካቲት 2010 ታላቁ በረዶ ወርዶ ከተማዪቱ ለቀናት ስትዘጋ ሕንጻው ውስጥ ትኩስ ጎመን የቀቀለች እርሷ ብቻ ነበረች፤ ለአምስት ቤት ማካፈሏን እኔ ምስክር ነኝ፤ አንዱ ቤት የእኔ ነበር።

የኪራይ ውሉ ግን አይወድላትም ነበር። የአንድ ሕንጻ አስተዳዳሪ ሰገነት ላይ ባልዲ እንዳይታይ ደብዳቤ ጽፎባት፣ ልጇ ተርጉማ ስታነብላት «አፈር ሆኜ ነው የምቀረው በለው» ማለቷን ሰምቻለሁ። ልጅቱ ሌላ መልስ ጽፋ ላከች።

በአሌክሳንድሪያም ታሪኩ ያው ነው። ሳውዘርን ታወርስ በሚባሉት ረጃጅም ሕንጻዎችና በዙሪያቸው ወገኖቻችን በብዛት ኖረዋል፤ ደቡብ የሚያየው መስኮት ያለው ሰው ጌታ ነው። ከዚያው ከአሌክሳንድሪያ በስተደቡብ ጥቂት ማይል ርቆ የጆርጅ ዋሽንግተን ርስት ማውንት ቨርነን ይገኛል። ጎብኚው ሁሉ ቤቱን አይቶ ይመለሳል፤ እኔ ግን አንባቢ የመስተዋት ቤቱን እንዲያይ እመክራለሁ። በ1787 የተፈጸመ ነው፤ ከኋላው በሚነድ እሳት ሙቀቱ ከወለሉ ሥር እየዞረ ብርቱካንና ሎሚ በማሰሮ ከክረምት ይተርፉበት ነበር። ንድፉን የቀዱት ባልቲሞር ከምትኖረው ከማርጋሬት ካሮል የመስተዋት ቤት ነው፤ በ1789ም ችግኝ በመርከብ ልካላቸዋለች። እሳቱን በክረምት ሌሊት የሚያነዱት ባሮች ነበሩ፤ የመኖሪያ ክፍሎቻቸውም በመስተዋት ቤቱ ግራና ቀኝ ተቀጥለው ተሠሩ። ሕንጻው በ1835 ተቃጥሎ አሁን የሚታየው በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እንደገና የተሠራ ነው። እነዚያ ባሮች ቀን ለጌታቸው ሠርተው በትርፍ ሰዓታቸው የራሳቸውን ትንሽ ጓሮ ይኮተኩቱ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስብ፣ ሌሊት የሰው ቢሮ አጽድታ ጠዋት የራሷን ጎመን የምታጠጣው እናት ከየትኛው ወገን እንደምትቆጠር ለመወሰን አልቸገርም።

ዘመኑ ግን ተለወጠ። ከ1995 ጀምሮ በዕጣ ቪዛ የመጣው ሰው እንደ ፊተኛው «የሚመጣው ዓመት» አላለም። ቤት ገዛ፤ ከቤቱም ጋር ጓሮ። የኮሎምቢያ ዲስትሪክት ዩኒቨርሲቲም ቤልትስቪል ባለው የምርምር እርሻው ከአፍሪካ የመጡ አትክልቶችን እያለማ አሳይቷል። አሁን በሲልቨር ስፕሪንግ በሰኔ ወር አጥር ዘልቆ የሚታይ የሐበሻ ጎመን አለ፤ ጌሾም የሚተክሉ አሉ። ይሁንና ጌሾውን አብዛኞቹ አሁንም የሚያኖሩት በትልቅ ማሰሮ ነው፤ በግንቦት ያወጡታል፣ በጥቅምት ያስገቡታል። ብርዱን ፈርተው ነው ይላሉ፤ እኔ እንኳ ሌላም ነገር አይበታለሁ።

እማማ ጓሮ ያለው ቤት አልገዛችም። ዕድሜዋ ሲገፋ ወደ ልጇ፣ ወደ አሌክሳንድሪያ ስትዛወር ለመጫን ሄጄ ነበር። ከባልዲዎቹ አንዱን ሳትቀነጥሰው ትታው ኖሮ አብቦ፣ አፍርቶ፣ ዘለላው ደርቆ አገኘሁት። በዘጠነኛ ፎቅ፣ ንብ በማይደርስበት፣ ጓደኛ ጎመን በሌለበት እንዴት እንዳፈራ ግራ ገባኝ። በኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ ምክንያቱን አገኘሁ። ኮላርድ ብቻውን ሲሆን እምብዛም አያፈራም፣ ከሌላ ኮላርድ የሚመጣ ዱቄት ይፈልጋል፤ የሐበሻ ጎመን ግን ከራሱ አበባ ለራሱ ይበቃል። እርሷ መጽሐፉን አላየችም። በየዓመቱ አንዱን ባልዲ ለዘር መተው ከእናቷ ያየችው ነው፤ ዘለላውን በአሮጌ ነጠላ ቋጥራ፣ በእጇ አሽታ፣ ገለባውን በእፍታ አውጥታ በፖስታ ከፋፈለችው። ለእኔ ከደረሰኝ ፖስታ ላይ የተጻፈው በልጅቱ እጅ ነው፤ ዓመቱና «ለምጣድ አይሆንም» የሚል ቃል።