ቤዝቦልና የዓለም ስፖርቶች፤ ጨዋታ በባዕድ አገር ሥር የሚሰድበት ምክንያት

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በጦርነቱና በመንግሥቱ ለውጥ፣ በንግዱና በሃይማኖቱ ብቻ የሚጻፍ አይደለም፤ በዕረፍት ሰዓቱ የሚጫወተው ጨዋታም የታሪኩ አንድ ክፍል ነው። ጨዋታ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር የሚያስተምረው ሰውና ለመማር የሚፈቅድ ወጣት ያስፈልገዋል። ስለዚህ የጨዋታዎች ጉዞ ከትምህርት ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ እግር ኳስ የማይታወቅበት አገር የለም ቢባል ከእውነት አይርቅም። በአሜሪካ ተወልዶ ያደገው ቤዝቦል ግን በዓለም ካርታ ላይ የያዘው ቦታ ጠባብ ነው፤ ዳሩ ግን በያዛቸው በእነዚያ ጥቂት አገሮች፣ ይልቁንም በጃፓን፣ በኩባ፣ በዶሚኒካን ሪፑብሊክ፣ በቬኔዝዌላ፣ በኮሪያና በታይዋን፣ የሕዝቡን ልብ እንደ አገር ጨዋታ ገዝቶ ይገኛል። ይህ ልዩነት ከምን እንደ መጣ መመርመር ለመምህራን ጥቅም የሌለው ነገር አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቤዝቦል በዱላና በኳስ የሚደረግ ጨዋታ ነው። በያንዳንዱ ወገን ዘጠኝ ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ወርዋሪው 18 ሜትር ከ44 ሳንቲሜትር ርቆ ቆሞ ትንሿንና ጠንካራዪቱን ኳስ በኃይል ይልካል፤ መቺውም በዱላው መልሶ ለመምታት ይሞክራል። ከተሳካለት በሜዳው ማዕዘኖች የተቀመጡትን ማረፊያዎች በሩጫ ዞሮ ወደ ተነሣበት ሲመለስ ለወገኑ አንድ ነጥብ ይቆጠራል። ጨዋታው በዘጠኝ ዙር የተከፈለ ሲሆን፣ እንደ እግር ኳስ 90 ደቂቃ የሚባል ወሰን የለውም፤ ስለዚህ የተሸነፈ የሚመስለው ወገን የመጨረሻው መቺ ከጨዋታ እስኪወጣ ድረስ ተስፋ አይቆርጥም። ከዚህም በላይ በእግር ኳስ ሃያ ሁለቱ ሰዎች አብረው ሲሯሯጡ፣ በቤዝቦል ግን እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ ብቻውን በሕዝብ ፊት ቆሞ ከወርዋሪው ጋር ይፋጠጣል። የድካሙ ፍሬ የማኅበሩ ነው፤ ጥፋቱ ግን በራሱ ስም ይጻፍበታል። ወዳጆቹ ከጨዋታው የሚያገኙት ደስታ በአብዛኛው ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ስለ ጨዋታው አመጣጥ ለብዙ ዘመን የተነገረው ታሪክ እውነተኛ አልነበረም። በ1905 ዓመተ ምሕረት የተቋቋመ አንድ ኮሚሲዮን፣ ቤዝቦልን በ1839 በኒው ዮርክ ግዛት ኩፐርስታውን በምትባል ከተማ የፈለሰፈው አብነር ደብልዴይ ነው ሲል ፈረደ። ደብልዴይ በኋላ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ጄኔራል የሆነ ሰው ሲሆን፣ በ1839 ግን በዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር፤ ጨዋታውን መፍጠሩን የሚያስረዳ ማስረጃም አልተገኘም። የታሪክ ሊቃውንት እንደ ደረሱበት ቤዝቦል ከእንግሊዝ አገር ከተሻገሩ የቆዩ የዱላና የኳስ ጨዋታዎች ቀስ በቀስ ያደገ ነው። በ1845 ኒከርቦከር የሚባለው የኒው ዮርክ ማኅበር ደንቡን በጽሑፍ አደረገው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ክሪኬት ደግሞ ብዙ ወዳጆች ነበሩት፤ እንዲያውም በ1844 አሜሪካና ካናዳ በኒው ዮርክ የክሪኬት ግጥሚያ አድርገዋል። ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው ጦርነት ግን ወታደሮች በየሰፈሩ ቤዝቦልን ስለ ተጫወቱ፣ ከሰላም በኋላ ጨዋታው ከሌላው ሁሉ በልጦ በአገሩ ሁሉ ተዘረጋ።

ከአሜሪካ ውጭ የተስፋፋበትን መንገድ ለመረዳት ሁለት ጉዞዎችን ማስተያየት ይበቃል። የመጀመሪያው የአልበርት ስፖልዲንግ ጉዞ ነው። ስፖልዲንግ በወጣትነቱ ስመ ጥር ወርዋሪ ነበር፤ በኋላም የስፖርት ዕቃ በመሸጥ እጅግ ባለጸጋ ሆነ። በ1888 መጨረሻ ሁለት የተመረጡ ቡድኖችን ይዞ ዓለምን ለመዞር ተነሣ። ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ሴሎን፣ ወደ ግብጽ፣ ወደ ኢጣሊያ፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ እንግሊዝ ተጓዘ፤ በየካቲት ወር 1889 በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ በአሸዋው ላይ አጫወታቸው። በየደረሰበት ሕዝብ ተሰብስቦ ተመለከተ፤ ጋዜጦችም ስለ ነገሩ ጻፉ። ሆኖም ቡድኖቹ ከተመለሱ በኋላ በግብጽም ሆነ በአውሮፓ ታላላቅ አገሮች ጨዋታው የሕዝብ ጨዋታ ለመሆን አልበቃም። ሕዝቡ እንደ ተመልካች ተጠራ እንጂ እንደ ተማሪ አልተጠራም ነበር።

ሁለተኛው ጉዞ ያለ ነጋሪትና ያለ ጋዜጣ የተደረገ ነው። ሆረስ ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ መምህር በቶኪዮ፣ በኋላ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። በ1872 ገደማ ተማሪዎቹን ከክፍል አውጥቶ ዱላ መያዝና ኳስ መያዝ አስተማራቸው። እነዚያ ልጆች ሲመረቁ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ሆነው ወደየአውራጃው ስለ ሄዱ፣ ጨዋታውንም ከትምህርቱ ጋር ይዘውት ሄዱ። በ1873 ደግሞ ዳግላስ የተባለ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኰንን በቶኪዮ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት እግር ኳስን አስጀመረ። እንግዲህ ሁለቱ ጨዋታዎች በአንድ አገር ውስጥ በአንድ ዓመት ልዩነት የተዘሩ ናቸው። እግር ኳስ በዕቃ ረገድ ቀላል ሆኖ ሳለ፣ በጃፓን አስቀድሞ የገነነው ግን ቤዝቦል ነው። ከዚህ የምንረዳው የጨዋታው ቅለት ብቻውን ለመስፋፋት ምክንያት እንደማይሆን ነው። ቤዝቦል በሲቪል ትምህርት ቤቶች ውስጥ በመግባቱ ብዙ አስተማሪዎች አገኘ፤ የወርዋሪና የመቺ መፋጠጥም በጥንቱ የሰይፍ ጥበብ ለሠለጠነ ሕዝብ ባዕድ ነገር ሆኖ አልታየም።

በዚያ ዘመን ጃፓን ከምዕራባውያን ጋር የተዋዋለችው ውል እኩልነት የጐደለው ስለ ነበር፣ የውጭ አገር ሰዎች በዮኮሃማ በራሳቸው ሕግ ይዳኙ ነበር። ኢችኮ በሚል አጭር ስም የታወቀው የቶኪዮ አንደኛ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከዮኮሃማው የውጭ አገር ሰዎች ክለብ ጋር ለመጋጠም ለዓመታት ቢጠይቁ ተቀባይ አጡ። በመጨረሻም ግንቦት 23 ቀን 1896 ተገናኙና ተማሪዎቹ 29 ለ4 አሸነፉ። በተከታዩም ወር ደግመው ድል አደረጉ። ዜናው በመላው ጃፓን ሲሰማ እንደ ጦር ሜዳ ድል ተቈጠረ፤ ከባዕድ በተማሩት ጨዋታ ባዕዱን መርታት፣ ሕዝቡ ለእኩልነት የነበረውን ጥማት አርክቶለታልና። ከ1915 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውድድር በየዓመቱ ይደረግ ጀመር፤ በ1924 ኮሺየን የሚባለው ታላቅ ስታዲየም ተሠራ። በ1931 በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ከነበረችው ከታይዋን የመጣ የእርሻና የደን ትምህርት ቤት ቡድን በዚሁ ሜዳ እስከ ፍጻሜው ግጥሚያ ደረሰ። በቡድኑ ውስጥ ጃፓናውያን፣ ቻይናውያንና የደሴቲቱ ጥንታውያን ነገዶች ልጆች ጐን ለጐን ተሰልፈው ነበር። ቡድኑ በፍጻሜው ቢሸነፍም ስሙ በታይዋን እስከ ዛሬ በክብር ይታወሳል።

በኩባ ደግሞ ጨዋታውን ያመጣው ተማሪ ነው። ኔሜስዮ ጊዮ የተባለ ወጣት በአሜሪካ በአላባማ ግዛት ትምህርቱን ፈጽሞ በ1864 ወደ ሃቫና ሲመለስ፣ በሻንጣው ዱላና ኳስ ይዞ እንደ ገባ ይተረካል። ኩባ በዚያን ጊዜ በእስፓኝ ግዛት ሥር ነበረች። የገዢዎቹ ጨዋታ የበሬ ትግል ስለ ነበረ፣ ነጻነት የሚሹት ወጣቶች ከዚያ ይልቅ ቤዝቦልን መረጡ፤ ባለ ሥልጣኖቹም በጥርጣሬ ተመልክተው አንዳንድ ጊዜ እስከ መከልከል ደረሱ። በ1878 የኩባን ሊግ ከመሠረቱት አንዱ ኤሚልዮ ሳቡሪን ለነጻነት ትግል በመርዳቱ ተይዞ፣ በሰሜን አፍሪካ በሴውታ እስር ቤት በ1897 ሞተ። ከጦርነቱ የተሰደዱ ኩባውያንም ጨዋታውን ወደ ዶሚኒካን ሪፑብሊክና ወደ ጎረቤት አገሮች አደረሱት። እንግዲህ በካሪቢያን ባሕር ደሴቶች ቤዝቦልን ያስፋፋው የአሜሪካ ኃይል ብቻ ሳይሆን፣ ከሁሉ ይልቅ የኩባ ስደተኛ ነው።

ጨዋታው በተወለደበት አገር ግን የእኩልነቱ ነገር ለብዙ ዘመን ጐደሎ ሆኖ ቈየ። ከ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ጥቁሮች ከታላላቆቹ የአሜሪካ ሊጎች ተከልክለው፣ በራሳቸው ሊግ ለመጫወት ተገደዱ። ኩባ በ1900 በሊጓ ውስጥ ጥቁሩንና ነጩን አንድ ላይ ማሰለፍ ስትጀምር፣ አሜሪካ ግን ይህን ለማየት እስከ ሚያዝያ 15 ቀን 1947 መቈየት አስፈለጋት። በዚያ ቀን ጃኪ ሮቢንሰን የብሩክሊን ዶጀርስን ልብስ ለብሶ ወደ ሜዳ ገባ፤ ስድቡንና ዛቻውንም በትዕግሥት ችሎ በጨዋታው መለሰ። በኢትዮጵያ የገና ጨዋታ ጌታና አሽከር በአንድ ሜዳ ተሰልፈው፣ ጌታው ቢመታም አይቆጣም የሚለው ጥንታዊ ልማድ፣ ሜዳ ማዕርግን የሚያስረሳ ቦታ መሆኑን የሚያስረዳ ነው። ቤዝቦልም በዮኮሃማ፣ በሃቫናና በብሩክሊን የተወደደበት ታላቅ ምክንያት ይኸው ነው።

እግር ኳስ በ1863 ለንደን ላይ ደንብ ከተጻፈለት በኋላ በእንግሊዝ መርከበኞች፣ በባቡር ሐዲድ ሠራተኞችና በነጋዴዎች አማካይነት በየወደቡ ደረሰ። ለእርሱም ቢሆን መምህር አልታጣለትም፤ በአርጀንቲና የእግር ኳስ አባት የሚባለው አሌክሳንደር ዋትሰን ሃተን ከስኮትላንድ የሄደ የትምህርት ቤት ሹም ነበር። ልዩነቱ እግር ኳስ አንድ ጊዜ ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ በየመንደሩ ያለ ማንም እርዳታ መኖር መቻሉ ነው፤ ከጨርቅ የተጠቀለለች ኳስና ባዶ መሬት ይበቁታል። ቤዝቦል ግን ዱላ፣ የቆዳ ጓንትና ሰፊ ሜዳ ይሻል፤ ደንቡም በዐይን ብቻ የሚቀሰም አይደለም። ሆኖም የዶሚኒካን ድሀ ልጆች የወተት ካርቶን አጥፈው ጓንት ማድረጋቸው፣ ፍቅር ካለ ድህነት እንደማያግድ ያሳያል።

በምሥራቅ አፍሪካም የሆነው ይህንኑ ይመስላል። ኬንያና ዩጋንዳ በ1926 የጎሴጅ ዋንጫን በእግር ኳስ መወዳደር ጀመሩ። ኢትዮጵያ በ1957 ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነች፤ በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ክሪኬትን እንግሊዞች ወደ ቅኝ ግዛቶቻቸው አምጥተውት፣ በ1975 በመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ምሥራቅ አፍሪካ በሚል ስም አንድ ቡድን ተካፈለ፤ ተጫዋቾቹ ግን በአብዛኛው ከህንድ ክፍለ አህጉር የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ። ኬንያም በ2003 እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳለች። አሜሪካውያን ወታደሮች ደግሞ እስከ 1977 ድረስ በአሥመራ በቃኘው ሰፈር ለብዙ ዓመታት ሲኖሩ፣ ቤዝቦል ከሰፈሩ አጥር ወጥቶ የከተማው ጨዋታ አልሆነም፤ የአሥመራ ሕዝብ በብስክሌቱና በእግር ኳሱ ጸንቶ ቆየ። የባዕድ በአጠገብ መኖር ብቻውን ጨዋታን አይተክልም።

ቤዝቦል በኦሎምፒክ ያገኘው ቦታም አንድ ጊዜ የሚሰጥ፣ አንድ ጊዜ የሚነሣ ሆኗል። በ1992 በባርሴሎና ሜዳልያ የሚሰጥበት ሆኖ ኩባ የመጀመሪያውን ወርቅ ወሰደች። ከ2008 በኋላ ተሰርዞ፣ በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ሲመለስ ጃፓን አሜሪካን 2 ለ0 አሸነፈች፤ በ2024 በፓሪስ ደግሞ ቀረ። አገሮች የሚወዳደሩበት የቤዝቦል ክላሲክ በ2006 ሲጀመር በ16 ቡድኖች ነበር፤ የመጀመሪያውንም የሁለተኛውንም ዋንጫ የወሰደችው ጃፓን ናት። ተማሪ መምህሩን በመምህሩ ጨዋታ ሲበልጠው ማየት፣ የቤዝቦል ዓለም አቀፍ ግጥሚያ ልዩ ጣዕም ነው።

በመጨረሻ ነገሩ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይመለሳል። በ2011 የዩጋንዳ ልጆች ቡድን በአሜሪካ በዊልያምስፖርት ለሚደረገው የልጆች የዓለም ውድድር ማለፉን አረጋገጠ፤ ነገር ግን በሰነዶቻቸው ላይ በተገኘ ጕድለት የመግቢያ ፈቃድ ተከለከለ። በጥር 2012 ከእነርሱ ጋር ሊገጥም የነበረው የካናዳ ቡድን ራሱ ወደ ዩጋንዳ መጥቶ ተጫወተላቸው። በዚያው ዓመት ክረምት የሉጋዚ ከተማ ልጆች ሄደው፣ ከአፍሪካ በዚያ ውድድር የተሰለፈ የመጀመሪያ ቡድን ሆኑ፤ ከኦሬገን የመጣውንም የአሜሪካ ቡድን 3 ለ2 አሸነፉ። ይህ ከስፖልዲንግ የፒራሚድ ግጥሚያ 123 ዓመት በኋላ የሆነ ነው።

ስለዚህ አንድን ጨዋታ ዓለም አቀፍ የሚያሰኘው የደረሰባቸው አገሮች ቍጥር ብቻ አይደለም። እግር ኳስ በስፋቱ ወደር የለውም፤ ቤዝቦል ደግሞ ጠባብ ቢሆንም በደረሰበት ሁሉ አንድ ነገር ያስተምራል፦ ሕዝብ የሰጡትን ሁሉ እንደማይቀበል፣ የተቀበለውን ግን የራሱ ክብር መግለጫ አድርጎ እንደሚለውጠው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የነጋዴው መርከብ ዓለምን ዞሮ ባዶውን ሲመለስ፣ የመምህሩ ሜዳ ግን ከ150 ዓመት በኋላ ፍሬ ሲሰጥ ይታያል። በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ለልጆች የሚተው ሜዳ ከክፍሉ ያነሰ ክብር ሊሰጠው አይገባም፤ በዚያ የሚዘራው ዘር ወዴት ደርሶ እንደሚበቅል አስቀድሞ የሚያውቅ የለምና።