ፈረሱ ያልወረደበት መኪና

ሳንቲሙ ሲገባ ማሽኑ አፍ አውጥቶ ይናገራል፤ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ባለ ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ለማጣሪያው ተዘጋጅ» ይላል። ስክሪኑ ላይ የፉጂ ተራራ ከሩቅ ቆሟል። ከእጅ ሥር ክብ መሪ አለ፤ ከጎኑ ሁለት ማርሽ ብቻ የሚያውቅ ዘንግ፣ አንዱ ዝቅተኛ፣ ሌላው ከፍተኛ። ናምኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ይህን የመኪና እሽቅድምድም ጌም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ በአሜሪካ ያሠራጨው ደግሞ አታሪ ነበር። ስሙ «ፖል ፖዚሽን» ይባላል።

የመኪና ውድድር የሚከታተል ሰው ትርጉሙን አያጣውም። በማጣሪያው ከሁሉ የፈጠነው አሽከርካሪ ዋናውን ውድድር የሚጀምርበት የፊተኛው ቦታ ነው። እኔ ግን ስሙን ወደ አማርኛ ልመልሰው ስሞክር ቀድሞ የመጣልኝ «የዋልታ ስፍራ» ነበርና ለትንሽ ሰሜን ዋልታ በረዶ ላይ ልወጣ ነበር። ጥፋቱ የእንግሊዝኛ ነው። «ፖል» ብሎ በአንድ ድምፅ የሚያነባቸውና በአንድ ፊደል የሚጽፋቸው ሁለት ቃላት አሉት፤ በመልክ መንትያ፣ በዘር ባዳ። አንደኛው ከግሪኩ «ፖሎስ» የወረደ ሲሆን አንድ ነገር የሚሽከረከርበትን ዛቢያ ያመለክታል፤ የምድር ዋልታዎች በእንግሊዝኛ የተሰየሙት በእሱ ነው። ሁለተኛው ከላቲኑ «ፓሉስ» የመጣ ነው፤ ትርጉሙ መሬት ላይ የተቸከለ እንጨት፣ ካስማ። መንገድ ዳር የምናየው የመብራት ፖል የዚህኛው ልጅ ነው። የእኛም ዋልታ ነገሩን አላቀለለውም፤ እሱ ራሱ ከማገር ጋር ተጣምሮ የሚጠራ የቤት እንጨት ነው።

የጌሙ ፖል ካስማው ነው። ካስማው የተተከለው ደግሞ በመኪና መንገድ ላይ ሳይሆን በፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ ላይ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ የፈረስ እሽቅድምድም ላይ፣ በክቡ ሜዳ የውስጠኛ ጠርዝ በኩል ርቀት የሚያሳዩ እንጨቶች ይቆሙ ነበር። ክብ ሲዞሩ የውስጡ መስመር ከውጪው ያጥራል። ስለዚህ ለካስማው ቀርቦ የሚነሣ ፈረስ ገና ሳይሮጥ ጥቂት እርምጃ አትርፏል፤ «ፖሉን ያዘ» ይሉታል። (የጉግስ ፈረሰኛ ይህን ቃል የሚፈልግበት ምክንያት የለውም። ጉግስ ማሳደድና መሸሽ እንጂ ክብ መዞር አይደለም።)

ቃሉ ከኮርቻ ወርዶ መኪና ላይ ሲወጣ ትርጉሙ ቀስ በቀስ ተንሸራተተ። በመጀመሪያው የኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር፣ በ1911፣ መኪኖቹ የተሰለፉት በፍጥነታቸው አልነበረም፤ የተሳትፎ ማመልከቻቸው በደረሰበት ቅደም ተከተል ነበር። ፖሉን ለመያዝ የሚጠቅመው ሞተር ሳይሆን ፈጣን ፖስታ ነበር ማለት ነው። በፍጥነት መደልደል የተጀመረው በ1915 ነው። ከዚያ ወዲህ «ፖል» ከውስጥ ጠርዝነቱ ይልቅ ፊተኛነቱ እየጎላ ሄደና ካስማው ተረሳ።

የተረሳው ካስማ አንድ ቀን ጉድ አፈላ። በ1990 በጃፓኑ የሱዙካ የፎርሙላ 1 ውድድር አሽከርካሪው አየርተን ሴና የፊተኛውን ቦታ አገኘ፤ ቦታው ግን የተሰመረው በቀኝ፣ በመጀመሪያው ኩርባ የውስጥ በኩል ነው። ለፈረስ ይህ ሀብት ነበር። ለመኪና ግን ሌላ ነው፤ መኪኖች ሲመላለሱበት የዋለው መስመር በጎማ ተጠርጎ ይጸዳል፤ ከመስመሩ ውጪ ያለው፣ እዚህ የቀኙ በኩል፣ አቧራ ለብሶ ያንሸራትታል። ሴና ቦታው ወደ ግራ እንዲዛወርለት ጠየቀ፤ አልሆነም። መብራቱ ሲበራ ከሁለተኛው ቦታ የተነሣው ተፎካካሪው አሌን ፕሮስት ቀደመው፣ በመጀመሪያው ኩርባ ተላተሙ፣ ሁለቱም አሸዋ ላይ ቀሩ፤ የዓመቱም ሻምፒዮና ለሴና ሆነ። እንደኔ እንደኔ ሴና የተጣላው ከፕሮስት ወይም ከዳኞቹ ጋር ብቻ አልነበረም፤ ከቃሉ የድሮ ትርጉም ጋርም ነበር። ፕሮስት ያሽከረክረው የነበረው ፌራሪ ላይ ደግሞ በሁለት እግሩ የቆመ ጥቁር ፈረስ ተለጥፎ ነበር።

ስሙን ለጌም የወሰደው ናምኮም ከፈረስ ዘር ነው። መሥራቹ ማሳያ ናካሙራ በ1955 ሥራ ሲጀምር ንብረቱ ዮኮሃማ ውስጥ በአንድ የገበያ አዳራሽ ጣሪያ ላይ የተተከሉ፣ ሕፃናት የሚወዛወዙባቸው ሁለት ሜካኒካዊ ፈረሶች ነበሩ። «ናምኮ» የሚለው ስም ራሱ «ናካሙራ» ከሚለውና በእንግሊዝኛ «አምራች ኩባንያ» ከሚሉት ቃላት ጫፍ ጫፉ ተቆርጦ የተሰፋ ነው። ከሁለቱ ፈረሶች 27 ዓመት በኋላ በወጣው ማሽን ሆድ ውስጥ ሁለት ባለ 16 ቢት ዚ8002 አንጎለ ኮምፒውተሮችና አንድ ባለ 8 ቢት ዚ80 ተቀምጠዋል፤ በጊዜው ለጌም ማሽን ከበድ ያለ ጉልበት ነው። ጉልበቱ የሚያልቀው መንገዱን በማሳየት ላይ ነው። ሩቅ ያለው መኪናና የመንገድ ዳር ማስታወቂያ እንደ ነጥብ ይጀምርና በቀረቡት ቁጥር እየተነፋ ይመጣል። ማስታወቂያውን የገጨ መኪና በእሳት ይጋያል። የጌሙ ክፉ ጠላት ካስማ ላይ የቆመ ሰሌዳ መሆኑን ሳስብ ስሙን ያወጡት ሰዎች ይህን አስበውበት ይሆን እላለሁ፤ አይመስለኝም።

ማሽኑ በሁለት ዓይነት ነው የተሠራው። ተቀምጠው የሚጫወቱበት ሁለት ፔዳል አለው፤ ቆመው የሚጫወቱበት ግን ነዳጅ መስጫ ብቻ ነው ያለው፣ ፍሬን የለውም። እዚህ ላይ የኛን ጋራዥ አማርኛ ማንሣት ግድ ይላል። ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬቻ፣ ጎማ ከጣሊያንኛ እንደመጡ ሁሉ ፍሬንም የመጣው ከጣሊያንኛው «ፍሬኖ» ነው፤ የፍሬኖ አባት ደግሞ የላቲኑ «ፍሬኑም»። ሮማውያን ፍሬኑም የሚሉት ፈረስ አፍ ውስጥ የሚገባውን ልጓም ነበር። ቃሉ አዲስ አበባ ሲደርስ ይህን የሚነግረው ሰው አልነበረም። ሆኖም አማርኛ ለፍሬን የሰጠው ግሥ የፈረሱን ነው፤ ቁልቁለት ላይ መቆም ያቃተው ሲኖትራክ ሲመጣ መንገደኛው «ፍሬን በጥሷል!» ብሎ ይጮኻል፣ ልጓሙን በጥሶ የሚጋልብ ፈረስ እንዳየ ሰው።