ከአራዳ ቃጠሎዎች እስከ ኢንፍራሬድ ዓይን

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኢጣልያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሽስቶች አዲስ አበባን ሦስት ቀን በጥይትና በእሳት ፈጇት። የድሃው ጎጆ ከነነዋሪው ነደደ፤ የአራዳው ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም ከቃጠሎው አላመለጠም። በከተማዋ የነበሩት ሃንጋሪያዊው ሐኪም ላዲስላስ ሳቫ ያዩትን ጻፉ፤ ሲልቪያ ፓንክረስትም በእንግሊዝ አገር በሚያዘጋጁት ጋዜጣ አወጡት። ሲልቪያ በ1953 ዓ.ም. ሲያርፉ የተቀበሩት ከጊዮርጊስ ብዙ በማይርቀው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ነው።

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ፣ ፒያሳ ላይ ሌላ እሳት ተነሣ። የአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሆቴል፣ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል፣ ተቃጠለ፤ በውስጡ የነበረው የጃዛምባ የሙዚቃ ቤትም ወደመ። የ1929ኙ እሳት የጠላት እጅ የለኮሰው ነበርና ምንም መሣሪያ አያስቀረውም ነበር። የ2007ቱ ግን ሌላ ጥያቄ ያነሣል፤ ዕንጨት የበዛበትን አሮጌ ቤት እሳት ሲነካው ማን ቀድሞ ያውቃል?

ዛሬ በየባንኩና በየሱቁ ጥግ ተሰቅላ የምትታየው ነጭ የእንቅስቃሴ ሴንሰር ሙቀት የምታይ ስለሆነች፣ እሳትንም ትጠብቃለች ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። የምታየው ጨረር ከታወቀ ቆይቷል። ዊልያም ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ፣ ከቀዩ ቀለም አልፎ ምንም በማይታይበት ቦታ ቴርሞሜትር ቢያኖር ሙቀቱ ከፍ አለ። ኢንፍራሬድ የሚባለው ጨረር ይኸው ነው።

የሴንሰሯ ፕላስቲክ ሽፋን ጨረሩን የሚሰበስብ ሌንስ ነው። ከኋላው ሙቀት ሲለወጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ሁለት ትንንሽ ክፍሎች አሉ፤ የተያያዙት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ቤቱ በሙሉ ቀስ ብሎ ቢሞቅ አንዱ የሌላውን ያጠፋል፤ ሴንሰሯም ዝም ትላለች። ሰው ሲያልፍ ግን ሙቀቱ መጀመሪያ በአንዱ፣ ቀጥሎ በሌላው ላይ ያርፋል፤ ያን ጊዜ ትጮኻለች። የተስተካከለችውም ከሰው ገላ ለሚወጣው ጨረር፣ ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር ላለው ነው። የሚንቦለቦል ነበልባል ወይም ድንገት የሚነፍስ ትኩስ አየር ሊቀሰቅሳት ይችላል። ከኮርኒስ በላይ የሚጨስ ሽቦን ወይም ከመስታወት ጀርባ ያለ እሳትን ግን አታይም። ባለቤቱ ውስጥ ሳለ ጥሪዋ ከተዘጋ ደግሞ ብታይም አትናገርም።

ለነበልባል የተሠራው መሣሪያ ሌላ ነው። በእሳት የጋለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 4.3 ማይክሮሜትር አካባቢ የሚለቀውን ጨረርና የነበልባሉን መርገብገብ አጣምሮ ይመረምራል። ለእሳት የተሠራ ጠቋሚም ቢሆን ያለ ሰው ምንም አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. በፓሪሱ ኖትር ዳም የእሳት ጠቋሚው በጊዜ ጮኾ ነበር፤ ጠባቂው የተላከው ግን ወደ ተሳሳተ ቦታ ነው። እሳቱ እስኪገኝ ግማሽ ሰዓት ያህል ባከነ፤ ጣሪያውም ነደደ።

ይህ ጥንቃቄ ለአራዳም ያስፈልጋል። ሲልቪያ የተቀበሩበት የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ዐፅም፣ የአርበኞችም መቃብር ያለበት ነው። በየቅዳሴው ጧፍ ይበራል፤ ከጽናው የዕጣን ጢስ ይወጣል። ጢስ ጠቋሚ ዕጣኑን፣ ነበልባል ጠቋሚ ጧፉን እንደ አደጋ እንዳይቆጥሩት፣ ዓይነታቸውና ቦታቸው ከካህናቱ ጋር ተመክሮበት መመረጥ አለበት። በጣሪያው ሥርና በኤሌክትሪክ መስመሩ አጠገብ ለእሳት የተሠራ ጠቋሚ ይኑር፤ የሌሊቱም ዘበኛ የትኛው ጥሪ ከየትኛው ክፍል እንደሚመጣ ጠንቅቆ ይወቅ። ለሌባ የተሠራውን ዓይን ለእሳት ማመን ይቅርብን። የአራዳ ቅርስ ኃላፊዎች ይህን ሥራ ሌላ ቃጠሎ እስኪያስተምራቸው ሊጠብቁ አይገባም።