በጥቂቱ አምራች

አሜሪካ ውስጥ የልጆች ልብስ ቤታቸው ሰፍተው የሚሸጡ ሰዎች «እኔ እኮ ስሞል ባች ነኝ» ሲሉ ይሰማል። ሙሉ ስሙ «ስሞል ባች ማኑፋክቸረር» ነው፤ በዚህ ጽሑፍ «በጥቂቱ አምራች» ብለነዋል። «አነስተኛ አምራች» ማለቱ ይቀል ነበር፤ ነገር ግን እኛ ዘንድ «ጥቃቅንና አነስተኛ» ሲባል ወዲያው የሚታሰበው ካፒታልና የሠራተኛ ቁጥር ነው። የአሜሪካው ሕግ ሠራተኛ አይቆጥርም። የሚያየው ሁለት ነገር ነው፦ ባለፈው ዓመት ከፍጆታ ዕቃዎች ሽያጭ የተገኘው ጠቅላላ ገቢ ከ1 ሚሊዮን ዶላር እንዳይበልጥ (ጣሪያው በየዓመቱ በዋጋ ንረት ልክ ከፍ ይላል)፣ ከአንዱ የምርት ዓይነትም ከ7,500 ፍሬ በላይ እንዳይሠራ።

ነገሩ የመጣው ከሊድ (እርሳስ ከሚባለው ብረት) ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ሚኒሶታ ውስጥ አንድ የ4 ዓመት ልጅ ከጫማ ጋር በስጦታ የመጣ፣ የልብ ቅርጽ ያለው የብረት ጌጥ ውጦ በሊድ ተመርዞ ሞተ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ቀለማቸው ሊድ ያለበት በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሻንጉሊቶች ከገበያ ተሰበሰቡ። ኮንግረስ ተቆጣ፤ ኦገስት 14 ቀን 2008 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ አዲስ የፍጆታ ምርቶች ደኅንነት ሕግ ፈረሙ። በሕጉ መሠረት በዋናነት ለ12 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች ተብሎ የተሠራ ዕቃ ሁሉ ከመሸጡ በፊት በገለልተኛ ላቦራቶሪ መፈተሽ አለበት። ፋብሪካ የፍተሻውን ዋጋ ለሺዎች ሸሚዞች ያካፍለዋል። አሥር ቀሚስ የሰፋች ሴት ግን ለአሥሩ ብቻ ታካፍላለች፤ ያ ደግሞ ከትርፏ አልፎ የጨርቁን ዋጋም ሊበላ ይችላል። ሕጉ መሥራት የሚጀምርበትን ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2009ን የእጅ ሥራ ሰዎች «ብሔራዊ የኪሳራ ቀን» አሉት። የፍጆታ ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የፍተሻውን ግዴታ በአንድ ዓመት አራዘመ። «በጥቂቱ አምራች» የሚለው ክፍል ሕጉ ውስጥ የገባው ግን ኦገስት 12 ቀን 2011 በወጣው ማሻሻያ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማሻሻያው የሚያስቀረው ለተወሰኑ ፍተሻዎች ላቦራቶሪ መሄድን ነው፤ የደኅንነት መለኪያው ራሱ ንቅንቅ አላለም። ልብሱ ችግር ቢገኝበት «እኔ ጥቂት ነው የምሠራው» ማለት አያድንም።

አንድ ቀሚስ ገልብጠን እንየው። ጨርቁ ከሽሮ ሜዳ የመጣ ሸማ፣ ለ4 ዓመት ልጅ አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የተሰፋ፣ ከጀርባው ቀለም የተቀቡ ሦስት ቁልፎች ያሉት ነው እንበል። ኮሚሽኑ ጨርቅ፣ ተነከረም አልተነከረም፣ ለሊድ መፈተሽ እንደማያስፈልገው ወስኗል፤ ይህ ለትልቁም ለትንሹም አምራች ነው። ጨርቁ ላይ የታተመ ሥዕል ካለ ግን ሥዕሉ ከዚህ ውጭ ነው። ቀጥሎ እሳት ይመጣል። ፊቱ ለስላሳ የሆነ፣ በካሬ ሜትር 88 ግራም ወይም ከዚያ በላይ የሚመዝን ጨርቅ የመቃጠል ፍተሻ አይጠየቅም። የጥጥ ሸማ ግን ሳሳ ሲል ከዚህ በታች ሊወርድ ይችላልና ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ቀለል ብሎ ከተገኘ፣ በኮሚሽኑ የተመዘገበች በጥቂቱ አምራች ላቦራቶሪ የመሄድ ግዴታ የለባትም። ጨርቁ መለኪያውን እንደሚያሟላ የምታውቅበት መሠረት ግን ሊኖራት ይገባል።

የሚያስቸግረው ቁልፉ ነው። በልጆች ዕቃ ላይ የሚቀባ ቀለም በኪሎ ግራም ከ90 ሚሊ ግራም በላይ ሊድ ሊኖረው አይችልም፤ ይህን ፍተሻ ማሻሻያው ለማንም አላስቀረም። መውጫው ቁልፉን የላቦራቶሪ ማረጋገጫ ከሚሰጥ ሻጭ መግዛትና ወረቀቱን ማስቀመጥ ነው፤ ሕጉ የአንድ ልብስ ክፍሎች ለየብቻ ተፈትሸው ቢመጡ ይቀበላል። እኔ ብሆን ቀለም ያልነካው የእንጨት ወይም የዛጎል ቁልፍ እመርጥ ነበር። ሁለቱም ከሊድ ፍተሻ ነፃ ናቸው፤ ሸማ ላይም ያምራሉ።

በቀሚሱ ውስጥ ወይም ጎን ላይ የማይለቅ ታግ ይሰፋበታል፦ የሠራው ማን እንደሆነ፣ የት፣ መቼና በየትኛው ዙር እንደተሠራ የሚናገር። ችግር ሲገኝ የትኞቹ ልብሶች እንደሚሰበሰቡ የሚታወቀው በዚህ ነው። ከዚህም ጋር አምራቿ ራሷ የምታወጣው የልጆች ምርት የምስክር ወረቀት አለ፤ የመዝገብ ቁጥሯም እዚያ ላይ ይሰፍራል። ከሁለቱም ነፃ የሚወጣ የለም።

የሌሊት ልብስ ጥብቅ ነው። ከ9 ወር ልክ በላይ የሆነ የልጅ ቢጃማ ወይ እሳት ሲነካው ራሱን የሚያጠፋ ጨርቅ ይሁን፣ ወይ ገላ ላይ ልክክ ይበል። ሰፊ የጥጥ ጋውን ለመኝታ ብሎ መሸጥ ከሁለቱም ያወጣል። ኮፍያ ያለው ጃኬት ለሚሰፋ ደግሞ፣ ከ2 ዓመት እስከ 12 ልክ ባለው፣ ከላይ በሚደረብ የልጅ ልብስ አንገትና ኮፍያ ላይ ማጥበቂያ ክር መኖር የለበትም፤ በሸርተቴ መጫወቻ እየተያዘ ልጆችን ገድሏል። ካባ የሚሰፉ ሰዎችም የአንገቱን ማሰሪያ በቁልፍ ቢተኩት እመክራለሁ።

የሐበሻ ልብስ አዲስ አበባ ተሰፍቶ ሲመጣ ነገሩ ይለያል። ያለቀለትን ልብስ አሜሪካ የሚያስገባው ሰው በሕግ ፊት እንደ አምራች ይቆጠራል፤ የምስክር ወረቀቱንም የሚያወጣው እሱ ነው፣ ሸማኔው ወይም ሰፊው አይደለም። በጥቂቱ አምራችነት ለመመዝገብ ክፍያ የለም፤ ምዝገባው በኮሚሽኑ ድረ ገጽ በየዓመቱ ይታደሳል። ካልታደሰ «በጥቂቱ አምራች» መባል ይቀርና ሙሉው የላቦራቶሪ ግዴታ ይመለሳል።